ጆን ስኖው

ጆን ስኖው (ማርች 15 ቀን 1813 – ጁን 16 ቀን 1858 እ.ኤ.አ.) እንግሊዛዊ ሐኪም ነበር። ዛሬ በይበልጥ የሚታወቀው ኮሌራ በተበከለ ውኃ እንደሚተላለፍ በማሳየቱ ነው። በሕይወት ዘመኑ ግን መተዳደሪያውም ሆነ ዝናው ከማደንዘዣ ሕክምና የመጣ ነበር። ማደንዘዣን በሳይንሳዊ መንገድ ካጠኑት የመጀመሪያዎቹ ሐኪሞች አንዱ ሲሆን፣ መድኃኒቱ ከመሰጠቱ በፊት የሕመምተኛው ዕድሜ፣ ጉልበት፣ ልብና ሳንባ መታየት እንዳለበት፣ መጠኑም በግምት ሳይሆን በልክ መሰጠት እንዳለበት አስተምሯል። አሁን በየሆስፒታሉ ከቀዶ ሕክምና በፊት የሚደረገው የአካል ምርመራ ብዙ ሐኪሞች ተቀባብለው ያሳደጉት ነው፤ ከመነሻዎቹ አንዱ ግን የስኖው ሥራ ነው። በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ልጅነትና ትምህርት

ስኖው የተወለደው በሰሜን እንግሊዝ በዮርክ ከተማ ነው። አባቱ ዊልያም በድንጋይ ከሰል ማከማቻ የጉልበት ሠራተኛ ነበር፤ እናቱ ፍራንሲስ ትባል ነበር። ከዘጠኝ ልጆቻቸው የመጀመሪያው ጆን ነው። ቤታቸው በኡዝ ወንዝ አጠገብ፣ ጎርፍ በሚያጠቃው የድሆች ሰፈር ውስጥ ነበር።

በ1827፣ 14 ዓመት ሲሆነው፣ ወላጆቹ በኒውካስል ከተማ ለሚሠራው ሐኪም ለዊልያም ሃርድካስል ተለማማጅ አድርገው ሰጡት። በዚያን ጊዜ የሕክምና ሙያ በአብዛኛው የሚጀመረው እንዲህ ነበር፤ ልጁ ከሐኪሙ ጋር እየኖረ መድኃኒት ይቀምማል፣ ቁስል ያጥባል፣ ሕመምተኛ ቤት እየተላከ ይሠራል። በ1831 እና በ1832 ኮሌራ ሰሜን እንግሊዝን ሲመታ ወጣቱ ስኖው በኪሊንግዎርዝ የከሰል ማዕድን የሚሠሩትን ሕመምተኞች እንዲያክም ተላከ። የማዕድኑ ሠራተኞች ከመሬት በታች ሆነው፣ እጃቸውን ሳይታጠቡ፣ መጸዳጃ በሌለበት ቦታ ሲመገቡ አይቷል። ይህ ትዝታ ከሃያ ዓመታት በላይ ቆይቶ በኮሌራ ጥናቱ ላይ አገልግሎታል።

በ1836 ለንደን ገብቶ በሀንተሪያን የሕክምና ትምህርት ቤት፣ ቀጥሎም በዌስትሚንስተር ሆስፒታል ተማረ። በ1838 የቀዶ ሐኪምነትና የመድኃኒት ቀማሚነት ፈቃድ አገኘ፤ በ1844 ደግሞ ከለንደን ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ዶክትሬት ዲግሪውን ተቀበለ። ሶሆ በሚባለው ሰፈር ቤት ተከራይቶ ሥራ ጀመረ። ስኖው ዝምተኛና ቁጥብ ሰው ነበር። በ17 ዓመቱ ገደማ ሥጋ መብላት ትቶ ነበር፤ ለረጅም ዓመታትም አልኮል አልጠጣም። ትዳር አልመሠረተም። ዘመድና ደንበኛ ስላልነበረው የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ገቢው አነስተኛ ነበር፤ ትርፍ ጊዜውን በሐኪሞች ማኅበር ስብሰባና በግል ሙከራ ያሳልፍ ነበር። ከሁሉ በላይ የሚስበው የመተንፈስ ጉዳይ ነበር። በ1841 ታፍነው የሚወለዱ ሕፃናትን ስለ ማዳን ጥናት አቅርቧል። ማደንዘዣ እንግሊዝ ሲደርስ እንግዳ ያልሆነበትም ስለዚህ ነው።

ኤተርና የሙቀት ሠንጠረዥ

ኦክቶበር 16 ቀን 1846 በአሜሪካ ቦስተን ከተማ ዊልያም ሞርተን የተባለ የጥርስ ሐኪም ለአንድ ሕመምተኛ ኤተር አስተንፍሶ ያለ ሥቃይ ቀዶ ሕክምና እንዲደረግለት አደረገ። ወሬው በመርከብ ተጉዞ በዲሴምበር ለንደን ገባ። ስኖው በዚያው ወር መጨረሻ ኤተር ሲሰጥ አየ። አንዳንዱ ሕመምተኛ ወዲያው ሲተኛ፣ ሌላው ይወራጭና ይጮኽ ነበር፤ አንዳንዱም ፈጽሞ አይተኛም። ብዙ ሐኪሞች ይህን የመድኃኒቱ ጠባይ ነው ብለው ተቀበሉት። አንዳንዶችም ተስፋ ቆርጠው ተዉት።

ስኖው ግን ምክንያቱን በሙቀት ውስጥ ፈለገ። ኤተር በቀላሉ የሚተን ፈሳሽ ስለሆነ፣ አየር የሚሸከመው የኤተር መጠን ከሙቀት ጋር ይጨምራል። ክፍሉ ቀዝቃዛ ከሆነ ሕመምተኛው የሚስበው ጥቂት ነው፤ ከሞቀ ደግሞ ብዙ ነው። በጃኑዋሪ 1847 በየሙቀቱ ደረጃ አየር ምን ያህል ኤተር እንደሚይዝ የሚያሳይ ሠንጠረዥ አቀረበ። ከዚያም የፈሳሹን ሙቀት የሚጠብቅ፣ በውኃ ዕቃ ውስጥ የሚቀመጥ የቆርቆሮ ማስተንፈሻ ሠራ። በቅዱስ ጊዮርጊስ ሆስፒታል ኤተር እንዲሰጥ ሲጠየቅ ውጤቱ እጅግ ጥሩ ስለነበረ፣ በጥቂት ወራት ውስጥ የለንደን ታላላቅ ቀዶ ሐኪሞች ሁሉ የሚጠሩት ሰው ሆነ።

በዚያው ዓመት ስለ ኤተር ባሳተመው መጽሐፍ የመደንዘዝን ሂደት በአምስት ደረጃዎች ከፈለው። በመጀመሪያው ሰውየው ለውጥ ቢሰማውም የት እንዳለ ያውቃል። በሁለተኛው አእምሮው ይዘበራረቃል። በሦስተኛው በፈቃዱ መንቀሳቀስ ያቆማል። በአራተኛው ከመተንፈስ በቀር ምንም አይንቀሳቀስም። አምስተኛው፣ ትንፋሽ የሚደክምበት ደረጃ፣ ወደ ሞት የሚያደርስ ነው፤ ይህን ያየው በእንስሳት ሙከራ ላይ ብቻ ነው። ደረጃውን የሚለየው በዓይን፣ በጆሮና በጣት ነበር። ትንፋሹን ያዳምጣል፣ የዓይን ቆብን ጠርዝ ነክቶ ሕመምተኛው ይርገብገብ እንደሆነ ያያል፣ የደም ሥር ትርታን ይዳስሳል።

የሐና ግሪነር ሞት

በኖቬምበር 1847 በኤደንብራ ጄምስ ሲምፕሰን ክሎሮፎርምን አስተዋወቀ። ክሎሮፎርም ሽታው ደስ የሚል፣ በፍጥነት የሚያስተኛ፣ በጨርቅ ላይ ጥቂት ጠብታ ብቻ የሚፈልግ ስለነበረ ኤተርን በሳምንታት ውስጥ ተካው። ማንም ሐኪም መሐረብና ጠርሙስ ካለው ሊሰጠው ይችል ነበር።

ሁለት ወር ከግማሽ ያህል ቆይቶ፣ ጃኑዋሪ 28 ቀን 1848፣ በኒውካስል አቅራቢያ ሐና ግሪነር የተባለች የ15 ዓመት ልጃገረድ የእግሯ ጥፍር እንዲነቀልላት ክሎሮፎርም በጨርቅ ተሰጣት። በደቂቃዎች ውስጥ ሞተች። ቀደም ሲል በኤተር ደንዝዛ ሌላ ጥፍር ተነቅሎላት በሰላም ነቅታ ነበር። በክሎሮፎርም ምክንያት መሞታቸው ከተመዘገበ ሰዎች የመጀመሪያዋ እርሷ ናት። ጉዳዩ አገሩን አስደነገጠ። ለቀላል ነገር የመጣች ጤነኛ ልጅ ለምን ሞተች የሚለው ጥያቄ ሐኪሞችን ከፋፈለ። አንዳንዶች መድኃኒቱን ነፃ ለማውጣት ልጅቱን ለማንቃት የተሰጣት ብራንዲና ውኃ አንቋት ነው አሉ። ሌሎች ፍርሃት ገደላት አሉ።

የስኖው መልስ ከዚህ የተለየ ነበር። ጨርቅ ላይ የፈሰሰ ክሎሮፎርም ከአየር ጋር በምን ያህል እንደሚቀላቀል ማንም አያውቅም፤ በአንድ ትንፋሽ በጣም ብዙ ሊገባ ይችላል። እንዲህ ያለው ጠንካራ ትነት ልብን በድንገት ያቆማል ሲል አስረዳ። በእንስሳት ላይ ባደረገው ሙከራ የክሎሮፎርም ድርሻ ከአየሩ 4 ወይም 5 በመቶ ገደማ ሲሆን ሰውየው ቀስ በቀስ እንደሚተኛና አደጋው ሲቃረብ ምልክት እንደሚታይ፣ ድርሻው ሲበዛ ግን ለማስጠንቀቂያ ጊዜ እንደማይኖር አሳየ። ስለዚህ የትነቱን መጠን የሚቆጣጠር ማስተንፈሻ ሠራ። ጭምብሉ ተጨማሪ ንጹሕ አየር የሚያስገባ ተከፋች ክዳን ነበረው።

ሕመምተኛውን አስቀድሞ ማወቅ

ስኖው የክሎሮፎርምን ውጤት የሚወስነው መጠኑ ብቻ እንዳልሆነ ያውቅ ነበር። ተቀባዩ ማን እንደሆነም ይወስናል። ስለዚህ በመጨረሻው መጽሐፉ ውስጥ ከማደንዘዣ በፊት ሊታዩ የሚገባቸውን ነገሮች አንድ በአንድ አነሣ።

አንደኛው ዕድሜ ነው። ሕፃናት ቶሎ ይተኛሉ፣ ቶሎም ይነቃሉ። ሽማግሌዎች ለመንቃት ይዘገያሉ። ሁለተኛው ጉልበት ነው። በከባድ ሥራ የጠነከሩ ጎልማሶች ከመተኛታቸው በፊት ጡንቻቸው ይገተራል፣ ይታገላሉ። በሕመም የደከሙ ሰዎች ግን በጸጥታ ይተኛሉ። ይህ በመጀመሪያ ሲሰማ የሚያስገርም ነው፤ ብርቱ የሚመስለው ሰው ይበልጥ የሚያስቸግርበት ጊዜ አለ። ከዚህም ሌላ የሚጥል በሽታ፣ እርግዝና፣ የሳንባ ሕመምና የልብ ሕመም መኖር አለመኖራቸውን ይመለከት ነበር። በዓይን ብሌን ዙሪያ የሚታይ ነጣ ያለ ቀለበትና ያልተስተካከለ ትርታ በዘመኑ የልብ ድካም ምልክት ተደርገው ይቆጠሩ ስለነበረ እነርሱንም ይመዘግባል።

ሆድም ጉዳዩ ነበር። ምግብ በልቶ የተኛ ሰው እንደሚያስመልስ በማየቱ ለቀዶ ሕክምና ከሁሉ የሚሻለው ጊዜ ከቁርስ በፊት እንደሆነ ጻፈ። ያ ካልተቻለ ሕመምተኛው ጥቂት ብቻ ቀምሶ ሰዓታት ቆይቶ እንዲመጣ ይመክር ነበር።

በምርመራው የሚያገኘውን ሕመም የሚጠቀምበት መንገድ ከብዙዎቹ የሙያ ባልደረቦቹ ይለየዋል። በጊዜው ልቡ የታመመ ሰው ክሎሮፎርም መውሰድ የለበትም የሚል እምነት ነበር። በዚህ ምክንያት ብዙ ደካሞች እየነቁ ይቆረጡ ነበር። ስኖው ይህን አልተቀበለም። ያለ ማደንዘዣ የሚደረግ ቀዶ ሕክምና ሥቃይና ድንጋጤ የታመመውን ልብ በልክ ከተሰጠ ክሎሮፎርም ይልቅ እንደሚጎዳው ተከራከረ። ቀዶ ሕክምናው አስፈላጊ ከሆነ ማደንዘዣውም ለሕመምተኛው ይገባል፤ ምርመራው የሚያስፈልገው መጠኑን፣ ፍጥነቱንና ጥንቃቄውን ለመወሰን ነው። ይህን አስተሳሰብ በራሱ ሥራ ተከትሎታል፤ የልብና የሳንባ ሕመም ያለባቸውን ብዙ ሰዎች በሰላም አስተኝቶ አንቅቷል።

መዝገቡና የአሚሊን ጉዳይ

ስኖው ከጁላይ 1848 ጀምሮ እስኪሞት ድረስ ማደንዘዣ የሰጣቸውን ሰዎች በማስታወሻ ይመዘግብ ነበር። የሕመምተኛው ማንነት፣ ዕድሜ፣ የቀዶ ሕክምናው ዓይነት፣ የቀዶ ሐኪሙ ስም፣ ትርታና ትንፋሽ፣ ማስመለስ፣ የመንቃት ጊዜ በአጭር በአጭሩ ተጽፈዋል። ሦስቱ ጥራዞች ዛሬ በለንደን የሐኪሞች ሮያል ኮሌጅ ይገኛሉ። በእነዚህ ዓመታት ክሎሮፎርም የሰጣቸው ሰዎች ከ4000 በላይ ናቸው። በመዝገቡ ውስጥ ጥርስ የሚነቀልላቸው ሕፃናት፣ ጡት የሚቆረጥላቸው ሴቶች፣ እግራቸው የተቀጠቀጠ ሠራተኞችና መኳንንት ጎን ለጎን ይገኛሉ።

የሌሎችንም ሐኪሞች አደጋዎች ይሰበስብ ነበር። በክሎሮፎርም የሞቱ 50 ሰዎችን ታሪክ አንድ በአንድ መርምሮ እያንዳንዱ እንዴት እንደተሰጠውና በምን ቅጽበት እንደሞተ ጻፈ። ከዚያ በፊት እንዲህ ያለ ሞት የዕድል ጉዳይ ይባል ነበር። ስኖው ግን ሞቶቹ ሲደረደሩ የጋራ መልክ እንዳላቸው፣ አብዛኞቹም ማደንዘዣው ገና ሲጀመር ወይም በፍጥነት ሲጨመር በድንገት የደረሱ እንደሆኑ አሳየ።

የራሱም ሥራ ከአደጋ ነፃ አልነበረም። በ1856 አሚሊን የተባለ አዲስ ማደንዘዣ ሞክሮ ተስፋ ጣለበት። በ1857 ግን ሁለት ሕመምተኞች በእጁ ላይ ሞቱ። እስከዚያ ድረስ አሚሊን የሰጣቸው 238 ነበሩ። የሁለቱንም ሞት ዝርዝር አሳትሞ ለሐኪሞች አቀረበ፤ አሚሊንንም መስጠት አቆመ። በልምድ፣ በመሣሪያና በጥንቃቄ የሚስተካከለው ያልነበረ ሰው ይህን ማድረጉ ለማደንዘዣ ባለሙያዎች ምሳሌ ሆኖ ቆይቷል።

የንግሥት ቪክቶሪያ ሐኪም

ኤፕሪል 7 ቀን 1853 ንግሥት ቪክቶሪያ ልዑል ሊዮፖልድን ሲወልዱ ስኖው ክሎሮፎርም እንዲሰጣቸው ተጠራ። ለ53 ደቂቃ ያህል ጥቂት ጥቂት በመሐረብ ሰጣቸው። ሙሉ በሙሉ አላስተኛቸውም፤ ምጡ ሲመጣ ሥቃዩን ለማለዘብ ያህል ብቻ ነበር። ኤፕሪል 14 ቀን 1857 ልዕልት ቢያትሪስ ስትወለድም ዳግመኛ ተጠርቷል። ከዚያ በኋላ በወሊድ ጊዜ ማደንዘዣ መውሰድ በእንግሊዝ ይበልጥ ተቀባይነት አገኘ። ዘመኑን ለማስታወስ ያህል፣ የመጀመሪያው ወሊድ የዋለበት 1853 በኢትዮጵያ ደጃዝማች ካሣ፣ በኋላ ዐፄ ቴዎድሮስ፣ በአይሻል ራስ አሊን ድል ያደረጉበት ዓመት ነው።

የኮሌራ ጥናት

ማደንዘዣና ኮሌራ የተራራቁ ይመስላሉ። በስኖው ሥራ ውስጥ ግን ይገናኛሉ። በዘመኑ አብዛኞቹ ሐኪሞች ኮሌራ ከቆሻሻ በሚወጣ መጥፎ አየር ይመጣል ብለው ያምኑ ነበር። ስኖው ትነቶች ሰውነት ውስጥ እንዴት እንደሚሠሩ ለዓመታት የለካ ሰው ስለሆነ ይህ አሳማኝ አልመሰለውም። በአየር የሚገባ መርዝ ከሆነ ለምን ሕመሙ በሳንባ ሳይሆን በአንጀት ይጀምራል ብሎ ጠየቀ። በ1849 በሽታው በተበከለ ውኃ እንደሚተላለፍ የሚገልጽ ትንሽ መጽሐፍ አሳተመ።

በ1854 ኦገስት መጨረሻ ሶሆ ውስጥ በብሮድ ጎዳና አካባቢ ኮሌራ ተነሣ። በጥቂት ሳምንታት ከ600 በላይ ሰዎች ሞቱ። ስኖው ከቤት ወደ ቤት እየሄደ የሟቾቹ ቤተሰቦች ውኃ ከየት እንደሚቀዱ ጠየቀ። አብዛኞቹ ከአንድ የእጅ ፓምፕ ይቀዱ ነበር። በአጠገቡ ያለው የድሆች መጠለያ የራሱ ጉድጓድ ስለነበረው ጥቂት ሰው ብቻ ሞተበት። በቅርብ ያለው የቢራ ፋብሪካ ሠራተኞችም ቢራ እንጂ የፓምፑን ውኃ ስለማይጠጡ ተርፈዋል። ሴፕቴምበር 7 ምሽት ስኖው ማስረጃውን ለአካባቢው ኃላፊዎች አቀረበ፤ በማግሥቱ የፓምፑ እጀታ ተነቀለ። ወረርሽኙ በዚያን ጊዜ መቀነስ ጀምሮ ነበር።

ከዚህ የሚበልጠው ማስረጃ ግን በደቡብ ለንደን የሠራው ነው። በዚያ ሁለት የውኃ ኩባንያዎች በተመሳሳይ ጎዳናዎች ላሉ ቤቶች ውኃ ያከፋፍሉ ነበር። አንደኛው ውኃውን ከከተማው ፍሳሽ በላይ፣ ሌላው ፍሳሹ ከሚገባበት የቴምዝ ወንዝ ክፍል ይቀዳ ነበር። ንጹሑን ውኃ ከሚያገኙ 10,000 ቤቶች 37 ሰዎች ሲሞቱ፣ የተበከለውን ከሚያገኙ 10,000 ቤቶች 315 ሞቱ። ይህን በ1855 በሁለተኛው የመጽሐፉ እትም አወጣ። በሕይወት ሳለ የተቀበሉት ጥቂቶች ነበሩ። ዛሬ የወረርሽኝ ሳይንስ መሥራቾች ከሚባሉት አንዱ ነው።

የመጨረሻ ቀናት

በ1855 የለንደን የሕክምና ማኅበር ፕሬዚዳንት ሆኖ ተመርጧል። ጤንነቱ ግን የጸና አልነበረም፤ ለዓመታት የኩላሊት ሕመም ነበረበት። ጁን 10 ቀን 1858 ስለ ክሎሮፎርም የሚያዘጋጀውን መጽሐፍ እየጻፈ ሳለ ስትሮክ መታው። ጁን 16 ቀን በ45 ዓመቱ ሞተ። የተቀበረው በለንደን ብሮምፕተን የመቃብር ስፍራ ነው። መጽሐፉን ወዳጁ ሐኪም ቤንጃሚን ዋርድ ሪቻርድሰን አጠናቅቆ በዚያው ዓመት አሳተመው፤ የስኖውንም ሕይወት ታሪክ በመግቢያው ጻፈ።

ከስኖው በኋላ

ስኖው ከሞተ በኋላ ክርክሩ አላለቀም። በ1888 እና በ1889 በህንድ አገር በሃይደራባድ የተቋቋሙ ሁለት ኮሚሽኖች በእንስሳት ላይ ብዙ ሙከራ አድርገው በክሎሮፎርም የሚቆመው መጀመሪያ ትንፋሽ እንጂ ልብ አይደለም አሉ። በ1911 ግን እንግሊዛዊው ጉድማን ሌቪ ልብ ሊቆም እንደሚችል አረጋገጠ። ሌቪ ሌላም ነገር አገኘ፤ በጥቂት ክሎሮፎርም ብቻ የተኛ እንስሳ አድሬናሊን በደሙ ሲጨመር ልቡ በድንገት ሥርዓቱን አጥቶ ይቆማል። አድሬናሊን በፍርሃት ጊዜ በሰውነት ውስጥ የሚበዛ ነው። ስለዚህ ስኖው የልብን ጉዳይ በትክክል ቢያይም የፍርሃትን ድርሻ አሳንሶ ነበር። ለዚህ ነው ዛሬ ሕመምተኛውን ማረጋጋት የምርመራው አካል የሆነው።

ሌላው ስኖው ያልነበረው ነገር የመተንፈሻ መንገድን መመርመር ነው። በእርሱ ዘመን በጉሮሮ ቱቦ የማስገባት ልማድ አልነበረም። ቱቦው ከተለመደ በኋላ ባለሙያው ሕመምተኛው ከመተኛቱ በፊት አፉ ምን ያህል እንደሚከፈት፣ አንገቱ እንደሚታጠፍ፣ የሚነቃነቅ ጥርስ መኖሩን ማየት ግድ ሆነበት። በ1985 ማላምፓቲ የተባለ ሐኪም ሕመምተኛው ተቀምጦ አፉን ከፍቶ ምላሱን ሲያወጣ በጉሮሮው በሚታየው መጠን አስቸጋሪነቱን የሚገምት ቀላል ምርመራ አስተዋወቀ። የደም ግፊት መለኪያም የመጣው ስኖው ከሞተ በኋላ ነው። በ1941 አሜሪካዊው ማየር ሳክላድና ባልደረቦቹ ሕመምተኞችን ከቀዶ ሕክምና በፊት እንደ ጤንነታቸው በደረጃ የሚመድብ ሥርዓት አወጡ። ይህ ሥርዓት ተሻሽሎ እስከ ዛሬ ይሠራበታል፤ ዕድሜን፣ ጉልበትንና ሕመምን አስቀድሞ የማየትን የስኖውን ልማድ የሚያስታውስ ነው።

በኢትዮጵያ ያለው አገልግሎት

በኢትዮጵያ ማደንዘዣ የሚሰጡት አብዛኞቹ ባለሙያዎች በዚሁ ሙያ በዲግሪ የሠለጠኑ አንስቴቲስቶች ናቸው፤ በማደንዘዣ ሕክምና ስፔሻላይዝ ያደረጉ ሐኪሞች ቁጥር አነስተኛ ነው። ስለዚህ ከአዳማ ጀምሮ በስምጥ ሸለቆው መስመር እስከ ሻሸመኔና በስተሰሜኗ እስካለችው ኩየራ ባሉት ከተሞች ቀዶ ሕክምና በሚደረግበት ሆስፒታል ሁሉ ምርመራው በዋነኛነት በባለሙያው ዓይን፣ ጆሮና ጣት ላይ ይመሠረታል። ብዙ ወጪ የሚጠይቅ ምርመራ ሁልጊዜ በማይገኝበት ቦታ የስኖው መንገድ ይበልጥ ይጠቅማል።

ባለሙያው መጀመሪያ ይጠይቃል። ከዚህ በፊት ማደንዘዣ ወስዶ ያውቅ እንደሆነ፣ አስም፣ ስኳር፣ ደም ግፊት ወይም የሚጥል በሽታ እንዳለበት፣ የሚወስደው መድኃኒትና የማይስማማው ነገር እንዳለ፣ ሴት ከሆነች ነፍሰ ጡር መሆኗን ይረዳል። መቼ እንደበላና እንደጠጣ መጠየቁ የግድ ነው። በአብዛኛው ከቀላል ምግብ 6 ሰዓት፣ ከንጹሕ ውኃ 2 ሰዓት መቆየት ይጠበቃል። ሕመምተኛው እየጾመ ከሆነም ሰዓቱን ለይቶ መጠየቅ ያስፈልጋል፤ በጾም ቀንም ከሰዓት በኋላ የጾም ምግብ ተበልቶ ሊሆን ይችላል።

ከዚያ የአካል ምርመራው ይቀጥላል። የዓይን ቆብ ውስጡ ነጭ ከሆነ ደም ማነስ ይጠረጠራል። የደም ግፊትና ትርታ ይለካል። ልብና ሳንባ በማዳመጫ ይሰማሉ፤ በልጅነት ጉሮሮ ሕመም ተነሥቶ የልብ ማገጃዎችን የሚጎዳው በሽታ በኢትዮጵያ የተለመደ ስለሆነ ያልተለመደ የልብ ድምፅ በቸልታ አይታለፍም። አንገት ይታያል፤ ትልቅ እንቅርት የመተንፈሻ ቱቦውን ሊያጣምም ወይም ሊያጠብ ይችላል። ማደንዘዣው በጀርባ በመርፌ የሚሰጥ ከሆነ ጀርባው ላይ ቁስል ወይም ጉብጠት መኖሩ ይታያል። ክብደቱም ይመዘናል፤ የብዙ መድኃኒት መጠን የሚሰላው በኪሎ ነው።

የስኖው የሙቀት ሠንጠረዥም በዚህ መስመር ትርጉሙ ይታያል። ኤተር በ35 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ይፈላል። ሞቃቱ የአዳማ አየርና ከፍ ባለ ቦታ ያለችው የኩየራ ቀዝቃዛ ጠዋት ከአንድ ጠርሙስ እኩል ትነት አያወጡም። በብዙ የአፍሪካ ሆስፒታሎች ያገለገለው በውኃ ሙቀቱን የሚጠብቅ የኤተር መስጫ መሣሪያ የተሠራው ስኖው በ1847 በተጠቀመበት ሐሳብ ነው። ዘመናዊዎቹ መስጫዎችም ሙቀት ሲለዋወጥ መጠኑን ራሳቸው ያስተካክላሉ።

ምርመራው ካለቀ በኋላ ውሳኔ ይከተላል። ደሙ ያነሰ ሰው ደም ተዘጋጅቶለት ይገባል፣ ግፊቱ የጨመረ ጥቂት ቀን መድኃኒት ይወስዳል፣ አስሙ የተነሣበት እስኪሻለው ይቆያል። ምጥ የጠናባት ሴት ወይም ሆዱ የተወጋ ሰው ግን ሊጠብቅ አይችልም፤ በዚያን ጊዜ ባለሙያው አደጋውን ዐውቆ፣ ለአደጋው ተዘጋጅቶ ያስተኛል። ስኖው ከመቶ ስድሳ ዓመታት በፊት ልባቸው ለታመመ ሰዎች የተከራከረውም ይህንኑ ነበር።